የእህቴ የውሸት ሳምንቶች

ምላሴ ክፉ ነው። ይህን በከሚሴ ዙሪያ አንድ በሬ ወይም ሁለት ፍየል ያለው ሰው ሁሉ ይመሰክርብኛል። በእንስሳት ክሊኒክ ሥራ ስጀምር ሱሪ ለብሼ፣ በላዩ ጋዋን ደርቤ፣ ሻርፔን አገጬ ሥር ቋጥሬ ሰንበቴ ገበያ ስገባ የሚስቅብኝ ብዙ ነበር። «ኢንተላ፣ ኮርማው እንዳይረግጥሽ!» ይሉኛል፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። እኔም አልተኛላቸውም። «አንተን ካልረገጠህ እኔን ምን አገኘኝ!» እላለሁ። እንዲህ እየተሞላለጭን ተላመድን። በኋላ ስሜን ትተው «ዶክተር» ማለት ጀመሩ። ዶክተር ግን አይደለሁም፣ ያለኝ ዲፕሎማ ነው።

ከከሚሴ በታች ያለው የጨፋ ገበሬ ሆርሞን የሚለውን ቃል ባያውቅም ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል። ወይፈን ከተኮላሸ አንገቱ እንደማይወፍር፣ ጠቡን እንደሚተው፣ ቀንበር እሺ እንደሚል ያውቃል። ሙክት ለምን ስብ እንደሚይዝ ያውቃል። «ከዘር ፍሬው የሚወጣ ነገር በደሙ እየዞረ ነው ወንድ የሚያደርገው፤ ፍሬው ሲቆም እሱም ይቆማል» ብዬ ላስረዳ ስነሳ «እሱንማ እናውቃለን፣ አቦ ቶሎ ጨርሽልን!» ይሉኛል። አንዴ ደግሞ አንዲት ሴትዮ እንደ አውራ ዶሮ የምትጮህ ዶሮ ታቅፋ መጣች። ሟርት ናት ብላ ልታርዳት ነው። የዶሮዋ እንቁላል ማምረቻ ታሞ የሴትነት ሆርሞኗ ስላነሰ ነው እንጂ ሟርት የሚባል ነገር የለም ብዬ ግማሽ ሰዓት ለፈለፍኩ። ሴትዮዋ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ ቤቷ ገብታ አረደቻት። ይህንን ወሬ ለስንቱ እያወራሁ ስስቅ ከረምኩ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ለእኔ ሥራና ሳቅ ብቻ ነበር።

እህቴ በአራት ዓመት ታንሰኛለች። እኔ አጭርና ፊቴን ብጉር የበላው ነኝ፤ እሷ ረዥም፣ ቆዳዋ እንደ ሕፃን ጥርት ያለ። በሠርጓ ቀን ሴቶቹ ሁሉ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ሲሉ አንዷ ወደ እኔ ዞራ «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?» ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም። ያገባችው ሃያ አንድ ዓመቷን ጨርሳ፣ ራሷ ወዳ ነው። ባሏ ጨፋ ላይ ማሽላና ጤፍ የሚያርስ፣ ከአፉ ቃል የማይወጣው ዓይነት ሰው ነው። ወንድሞቹ ጎጆ ወጥተው እሱ ከእናቱ ጋር ቀርቶ ስለነበር እህቴ ከአማቷ ጋር አንድ ግቢ ገባች። አባታችንም እንደ ወጉ ጊደር ሰጣት። ራሱ ሰንበቴ ገበያ ሄዶ መርጦ ነው የገዛት፤ ደንዳና፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ስትቆም ግርማ ያላት ጊደር። ከቆላ የመጣውን ሻጭ ስለ እናቷ ወተት ጠየቀው እንጂ ከማን ጋር እንደተወለደች አልጠየቀውም። ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?

እኛ ጋ ደግሞ የሙሽራ ጊደር ዝም ብላ ጊደር አይደለችም። ሴቶች ዐይናቸውን ይጥሉባታል። የወለደች ቀን «ሙሽራዋም ትከተላታለች» ብለው እልል ይላሉ። አንድ ዓመት ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ጊደሯ ኮርማ አልፈለገችም፣ እህቴም አልወለደች። ጊደሯን ከአፋር የመጣ ጨው አላሷት፤ ሆራ ወስደው ጨዋማውን ውሃ አጠጧት፤ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ ረጩባት። ወይ ፍንክች! በሦስተኛው ዓመት «ከዚያ ቤት የወጣ አይወልድም» የሚል ወሬ ጆሮዬ ገባ። ያ ቤት የተባለው የእኛ ቤት ነው፤ እኔ ልጅ ወልጄ እያሳደግሁ እንኳ። ደሜ ፈላ። ረዥሙን ጓንቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ፣ እየተሳደብኩ ጨፋ ወረድኩ።

ጊደሯን ከግንድ ጋር አስረው ያዙልኝ። ባልየው ቀንዷን ጨብጧል። አማቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወሬ የጠማቸው አራት አምስት ጎረቤቶች አጥሩን ተደግፈው ያያሉ። እህቴ የምታጠበኝን ውሃ በጆግ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ፈለግሁ። ማህፀን መኖር ባለበት ቦታ ጣቴ ያገኘው እንደ ቀጭን ሲባጎ ያለ ነገር ብቻ ነው። እንደገና ፈለግሁ፣ የለም።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የቤታችን ስም ነጻ ወጣ ብዬ ነው ደስ ያለኝ።

«ስሙ እንግዲህ!» አልኩ፤ አጥር ላይ ላሉትም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ይህቺ ጊደር ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ናት። እናታቸው ሆድ ውስጥ የሁለቱ ደም ተገናኝቷል። የወንዱ የዘር ፍሬ ገና ከጅምሩ ማህፀን እንዳይሠራ የሚያደርግ ሆርሞን ይለቃል። ለራሱ ብሎ የለቀቀው በደም በኩል እሷ ዘንድ ደረሰና የእሷን ማህፀን አስቀረው። ከውጭ ሲያይዋት ሴት ናት፣ ውስጧ ባዶ ነው። ጨውም ሆራም አይመልሳትም። የሙሽራ እድል ምን አገባው!»

«ታዲያ ምንድን ናት?» አለ አንዱ ከአጥሩ ማዶ። «ላም አይደለች፣ በሬ አይደለች!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም የሰው ሳቅ ሲያገኝ እንደሚያብድ ሰው ሆንኩና «ስጋ ናት ስጋ! ለማይረባ ነገር ድርቆሽ አትጨርሱ፣ አርዷት!» አልኩ።

አፌን በቆረጠው። እግሬ ላይ ውሃ ሲፈስ ተሰማኝና ዞር አልኩ። እህቴ ጆጉን ዘቅዝቃ እንደያዘች ፊቷ አመድ መስሏል። ጎረቤት መስማቱ አሳፍሯት መሰለኝ። «ምን ሆነሻል፣ ጫማዬን አበሰበሽው እኮ!» ብዬ ተቆጣኋት። አማቷ ከተቀመጡበት ተነሥተው «በቃ፣ በቃ፣ እንግዳ ይግባ» አሉና ጎረቤቱን በተኑት።

ስሄድ እህቴ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ማሽላው ቁመት አውጥቶ ግራና ቀኙን ስለሸፈነው ከእኛ በቀር የሚታይ ሰው አልነበረም። ዋናው መንገድ አጠገብ ስንደርስ ቆመች።

«እትዬ፣ እኔንም እይኝ» አለች።

«ምንሽን ልይ? አሞሻል?»

«እንደሷ ነኝ መሰለኝ።»

ሳልጠይቃት ሁሉንም ዘረገፈችው። አንድም ቀን የወር አበባ አይታ አታውቅም። ለእናታችን በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነግራታለች፤ እናታችንም «ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ ስታገቢ ይመጣል» ብላታለች። እኔ ያኔ ትምህርት ቤት ሆኜ ላሞች ኮርማ የሚፈልጉበትን ዑደት እየቆጠርኩ ፈተና አልፍ ነበር። የገዛ እህቴን አልጠየቅኋት፣ ለእኔም የነገረኝ የለም።

አግብታ ከአማቷ ጋር ስትኖር ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የሚሰግዱት። በወር አበባ፣ በሐይድ ላይ ያለች ሴት እንደማትሰግድ፣ ረመዷን ከሆነም እንደማትጾም የታወቀ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድም ሶላት ሳታቋርጥ ብትሰግድ አማቷ ሊያውቁ ነው። ስለዚህ በየወሩ ስድስት ቀን፣ የሌላትን ሐይድ አለኝ ብላ መስገጃዋን አጥፋ ትቀመጣለች።

«ረመዷንስ?» አልኳት።

«ስድስት ቀን እበላለሁ። ጓዳ ገብቼ ቂጣ እጎርሳለሁ፣ አልወርድ ይለኛል። ምንም ሳልሆን እኮ ነው እትዬ! ጤነኛ ሆኜ፣ እያወቅሁ። ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ አላህን ዋሸሁ። ልጅ ባላገኝ አላህ አልፈቀደልኝም እላለሁ፤ ይሄንን ግን ምን ብዬ እቀርባለሁ?»

አንጀቴን በላችው። እኔ ስለ ማህፀን እያሰብኩ ቆሜያለሁ፣ እሷ ሦስት ዓመት የጨነቃት ሶላቷ ነው። ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት «አርዷት» ያልኩት እኔ ነኝ። መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ማልቀስ ስለማልችልበት እየተሳደብኩ ነው የማለቅሰው። እሷ ናት ሻርፔን አስተካክላ ያነሣችኝ።

ደሴ ወስጄ አሳየኋት። በአልትራሳውንድ ማህፀን አልተገኘም። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ጻፉልን። ለባሏ «የሆድ ሕመም ነው» ብለን ነው የወጣነው፤ እሱም አልመረመረንም። እዚያ ደሟን ወስደው ለምርመራ ውጭ አገር ላኩት። ውጤቱ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። ስንመለስ ያገኘችን ሐኪም ወጣት ነበረች፤ ወንበሯን ከጠረጴዛዋ ጀርባ አውጥታ እህቴ አጠገብ ተቀመጠች። ከብት ሊሞት ሲል እኔም ለባለቤቱ እንዲያ ነው የምጠጋው።

ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችን። የእህቴ ክሮሞሶም ኤክስና ዋይ ነው። ሆዷ ውስጥ ሁለት ትንንሽ የዘር ፍሬዎች አሉ። ትምህርት ቤት «ሁለት ኤክስ ሴት፣ ኤክስና ዋይ ወንድ» ብለን ሸምድደን ማርክ አግኝተንበታል፤ እህቴም እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለችና አልጠፋትም።

«ወንድ ነኝ ማለት ነው?» አለች።

«አይደለሽም» አለች ሐኪሟ ወዲያው። «ገላሽ ያንን ሆርሞን አይቀበለውም። ሴት ሆነሽ ነው የተወለድሽው፣ ሴት ሆነሽ ነው ያደግሽው፣ ሴት ነሽ።»

ማታውን ሳይሆን በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ፣ ደብረ ብርሃንን ካለፍን በኋላ ነው ደግማ የጠየቀችኝ። የሐኪሟ አማርኛ ከብዷት ነበር። እኔ በማውቀው ቋንቋ፣ በከብት ቋንቋ ነገርኳት። ፅንስ ሲጀመር ሴቱም ወንዱም አንድ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት ማንም ለይቶ አያውቀውም። ዋይ ላይ ያለች አንዲት ዘረ መል «የዘር ፍሬ ሁን» ትላለች። ፍሬው ሲሠራ ሁለት ነገር ይለቃል፦ አንዱ ማህፀን ያስቀራል፣ ሌላው የወንድ ገላ ይሠራል።

«አንቺ ላይ የመጀመሪያው ሠርቷል፣ ማህፀኑ ቀርቷል። ሁለተኛው ግን ቢጮህ ቢጮህ የሚሰማው አላገኘም። ገላሽ ለእሱ ጆሮ የለውም። ስለዚህ መንገዱን ቀጠለ፣ ሴት ሆነ። ስታድጊም ያ ሆርሞን እዚያው ገላሽ ውስጥ ወደ ሴት ሆርሞን እየተቀየረ ነው ልጃገረድ ያደረገሽ። ያ ፊትሽ እንኳ አንድ ብጉር ያላወጣው ለዚህ ነው፤ እኔ ነኝ የተቀጣሁት።»

ፈገግ አለች። «ከጊደሯ እለያለሁ በያ።»

«ጊደሯ የሌላ ሆርሞን ነው የደረሰባት። አንቺን ማንም አልነካሽም። አንቺ እንደዚህ ሆነሽ ነው የተፈጠርሽው።»

«አልሃምዱሊላህ» አለችና መስኮቱን ተደገፈች። ምኑን እንዳመሰገነች አልገባኝም፣ አልጠየቅኋትም።

ሐኪሟ አንድ ሌላ ነገርም ጠይቃን ነበር፤ በእናታችሁ ወገን ያልወለደች ሴት አለች ወይ ብላ። ሆርሞኑን የሚቀበለው ዘረ መል ያለው ኤክስ ላይ ነው፣ እናት ናት የምታስተላልፈው። ቤት ገብቼ ለእናቴ ይህንን ስነግራት ምጣድ ላይ እንደተቀመጠች ሁሉ ተርገፈገፈች። ታላቅ እህት ነበረቻት፤ ረዥም፣ ቆንጆ፣ ሦስት ጊዜ አግብታ ሦስት ጊዜ የተፈታች፣ በመጨረሻ በወንድሟ ቤት ጓዳ ብቻዋን የሞተች። «መካን» ነበር ስሟ፤ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። እናቴ ደረቷን እየደቃች «እኔም እንደ ሰው መካን እያልኩ እጠራት ነበር፤ እኔም!» አለች። እሷን ለማባበል አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። እኔም ያንን ዘረ መል ልሸከመው እንደምችል፣ ትንሿ ልጄም ልትሸከመው እንደምትችል ያሰብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ልጄ ስታድግ ማንም «ለማንም አትተንፍሺ» አይላትም፤ ይህንን ለራሴ ማልኩ።

አሁን የቀረው ባሏ ነው። እህቴ በዓለም ላይ የቀራት አንድ ነገር ቢኖር ያ ቤት ነው። ትወደዋለች፤ ካስወጧት የምትገባው ያች አክስታችን የሞተችበት ዓይነት ጓዳ ነው። እኔ ሰበብ አዘጋጀሁላት። «ማህፀኗ ትንሽ ነው፣ አይይዝም እንበለው፣ ሌላውን ምን አገባው!» አልኳት።

«አይሆንም» አለች። «ሦስት ዓመት ዋሽቻለሁ። ይበቃኛል።»

ክሊኒኩ በምሳ ሰዓት ሰው ስለሌለበት እዚያ ጠራችው። ልወጣ ስነሳ ጋዋኔን ያዘች፦ «ቁጭ በይ፤ ስሳሳት ታርሚኛለሽ።» መድኃኒት የምደረድርበት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በአማርኛ ጀመረችው፤ አስጨናቂው ቦታ ስትደርስ ወደ ኦሮምኛው ገባች፤ «ክሮሞሶም» ላይ እንደገና አማርኛ። ሐኪሟ የነገረችንን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። የውሸቱን ሐይድም ነገረችው። እሱ መሬት መሬት እያየ ሰማ። ስትጨርስ ወደ እኔ ቀና አለ።

«ኒካሑስ?» አለ።

እሳት ጎረስኩ። «ይሄ ነው የታየህ? ሰው እንዲህ ሆና ተቀምጣ የጋብቻ ወረቀትህ ነው ያሳሰበህ? ለመፍታት ሰበብ ከፈለግህ...»

«እትዬ፣ ማሎ» አለ፤ እባክሽ ማለቱ ነው። ከዚያ በፊት ቃል መልሶልኝ አያውቅም። «ኒካሑ ካልሆነ እንደገና እንድናስር ነው። እሷን ሐራም ውስጥ አስቀምጬ መኖር አልፈልግም። አንቺ ግን ግቢዬ ውስጥ ቆመሽ፣ ሰው ሰብስበሽ፣ እንዲህ ያለው ይታረድ ብለሻል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ ብላኝ ነበር። ምክንያቱን አሁን አወቅሁ። እኔ የምቆጣ ቢሆን አንቺን ነበር የምቆጣ።»

ዋጥኩት። ልክ ነው።

በማግስቱ ሦስታችንም በሰፈራቸው ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ሼህ ሄድን። መንገዱን ሙሉ የምከራከርበትን ሳዘጋጅ ነበር፤ ዋይ ስላቸው ምን ሊሉኝ ነው፣ ሆርሞን ስላቸው ምን ሊሉኝ ነው እያልኩ። ሼሁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እሷን ሳይሆን እኔን ጠየቁኝ፦ «ስትወለድ ያዩት አዋላጆች ሴት አሉ?» አዎ። «አካሏ የሴት ነው?» አዎ። «ራሷን ሴት ብላ ታውቃለች?» አዎ። «እንግዲያ ሴት ናት፣ ኒካሓችሁም ኒካሕ ነው። ደም ውስጥ ያለውን ፈጣሪዋ ያውቀዋል፣ እኛ በሚታየው ነው የምንፈርደው።» ያ ሁሉ ዝግጅቴ ከንቱ ቀረ። ባሏ እጃቸውን ሳመ።

እህቴ ግን አልተነሣችም። «ሶላቴስ?» አለች። «ጾሜስ?» ያኔ ገና አለቀሰች። ሼሁ እስክትጨርስ ጠበቋትና ሰው ፈርታ የተወችውን ቀስ እያለች እንድትከፍል፣ ተጸጽታ ተውበት እንድታደርግ፣ የአላህ ምሕረት ከእሷ ፍርሃት እንደሚሰፋ ነገሯት። ሦስት ረመዷን፣ በየረመዷኑ ስድስት ቀን፣ በጠቅላላው አሥራ ስምንት ቀን ቀዷ፣ የመተኪያ ጾም፣ አለባት። ሶላቱ ደግሞ ሌላ ነው። እሷ እንደሆነ ደስ አላት፤ የሚከፈል ነገር መሆኑን ማወቋ አሳረፋት።

ለአማቷ የተነገራቸው በአጭሩ ነው፤ ማህፀን የላትም፣ አትወልድም፣ አብረን እንኖራለን። ልጃቸው ነው የነገራቸው። «የአላህ ነገር ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ገቡ አለኝ። እኔ ግን አላመንኳቸውም። ልብ ውስጥ ይዘው ቀን የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። በዚያ ዓመት ሐኪሞቹ፣ ወደ መጥፎ ዕጢ ሊቀየሩ ይችላሉ ብለው፣ ሆዷ ውስጥ የነበሩትን ፍሬዎች በቀዶ ሕክምና አወጡላት፤ ሆርሞኑን በእንክብል መውሰድ ጀመረች። አገግማ ረመዷኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ሙሉውን ጾመችው። ዒድ አልፎ ጥቂት ሰንብታ ቀዷዋን ጀመረች።

አንድ የገበያ ቀን አማቷ የፍየል የትል መድኃኒት ሊወስዱ ክሊኒክ መጡ። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ከጨፋ በእግራቸው ነው የመጡት። በልቤ ፈርቼአቸው ስለነበር አለልክ አከበርኳቸው። ወንበር አቀረብኩ፣ ሻይ አስመጣሁ፣ ለራሴም አንድ ብርጭቆ ያዝኩ። እሳቸው ብርጭቆውን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት።

«ጾመኛ ነኝ» አሉ።

«ዛሬ? የፈቃድ ጾም የሚጾምበት ሰኞም አይደል፣ ሐሙስም አይደል። ቀዷ አለብዎት እንዴ?» እሳቸው ሐይድ ከተዋቸው ሃያ ዓመት ሳይሆን አይቀርም። ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያፈርኩት።

ሳቅ አሉ። «እኔስ የለብኝም። የሷ ነው።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «በኔ ቤት ውሃ የሚለካው በኔ እጅ ነው። የሚታጠበውን፣ የሚሰጣውን አያለሁ። መስገጃዋን አጥፋ ስትቀመጥ ሐይድ እንዳልነበረባት የመጀመሪያው ወር ላይ አውቄያለሁ። ብናገራት አፍራ ወደ እናንተ የምትመለስ መሰለኝና ፈራሁ። ሴት ልጅ የለኝም። አጠገቤ ቆማ ስትሰግድ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ሶላቷን ስትተው እያየሁ እኔ አጠገቧ እሰግዳለሁ፣ ሦስት ዓመት። ታዲያ የሷ ብቻ ነው?»

«ስንት ቀን ቀራት?» አልኳቸው።

«አሥራ አንድ።»

«እስከ መጨረሻው አብረዋት ይጾማሉ?»

መድኃኒቱን ከእጄ ተቀብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩትና ተነሡ።

«ምን ነካሽ?» አሉኝ። «ብቻዋን ልተዋት?»